የአሮጌው ሃይሉክስ የወጪ ደብተር

ከሹፌሩ መቀመጫ አጠገብ ባለው የበር ኪስ ውስጥ አንዲት ባለ መስመር ደብተር አለች። በመስከረም 2017 ዓ.ም. ያገለገለ ቶዮታ ሃይሉክስ ከገዛሁበት ቀን ጀምሮ ለመኪናው ያወጣሁትን እያንዳንዱን ብር፣ ከሮንዴላ እስከ ራዲያተር፣ ቀኑንና የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ንባብ እየጨመርኩ እጽፍባታለሁ። እስከ ኅዳር 2018 ዓ.ም. ባሉት አሥራ አራት ወራት ጎማና መደበኛ የዘይት ለውጥ ሳይቆጠር ለጥገና ብቻ 243,000 ብር ከፍያለሁ። እንዲህ ያለ ፒካፕ ለመግዛት የሚያስቡ ወዳጆቼ «ምን ምን አየህበት?» እያሉ ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ ደብተሯን ገልጬ ለመጻፍ ወሰንኩ። ገጾቹን ስደምር ያስደነገጠኝ ነገር አለ፤ መኪናው ድምፅ እያሰማ የነገረኝ ጉድለት ሁሉ ተደምሮ የወጪውን አንድ ሰባተኛ ያህል ብቻ ሲሆን፣ የቀረውን ገንዘብ የበላው ዝም ብሎ የቆየው ጉድለት ነው።

መኪናው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2008 የተሠራ፣ ገበያው ቪጎ ብሎ የሚጠራው፣ ባለ ሁለት ጋቢናና አራቱም እግሩ የሚሠራ ነው። ይህ ትውልድ ከ2004 እስከ 2015 የተመረተ ሲሆን ከአንድ በላይ የሞተር ዓይነት አለው። ስለዚህ ደላላው የሚናገረውን ከመስማት በፊት ኮፈኑን ከፍቶ ትንሿን የብረት ሰሌዳ ማንበብ ይጠቅማል። በሰሌዳው ላይ ኬዩኤን 25 ወይም 15 የሚል ካለ ሞተሩ 2.5 ሊትር የሆነው 2ኬዲ ነው፤ 26 ወይም 16 የሚል ካለ 3 ሊትር የሆነው 1ኬዲ ነው፤ ኤልኤኤን ብሎ የሚጀምር ከሆነ ደግሞ ያለ ተርቦ (አየር ገፍቶ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው) እና ያለ ኮመን ሬይል (ናፍታውን በከፍተኛ ግፊት የሚያደርሰው ዘዴ) የሚሠራው የድሮው 5ኤል ነው። የእኔ ከኬዲዎቹ ወገን ነው። «ባለ ሦስት ሊትር ነው» የተባለላቸውን ሁለት መኪኖች ሰሌዳቸውን ሳነብ ባለ 2.5 ሆነው አግኝቻቸዋለሁ።

ዋጋዎቹን የሚያነብ ሰው ጊዜውን ማስታወስ ይኖርበታል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ መለዋወጫ ደግሞ ሁሉም ማለት ይቻላል ከውጭ የሚገባ ነው። በዚያው ዓመት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው ሲታከልበት፣ በእጅ ያለውን አሮጌ መኪና ጠግኖ ማቆየት ለብዙዎቻችን ብቸኛው መንገድ ሆነ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዋጋዎች እኔ በከፈልኩበት ቀንና ቦታ የነበሩ ናቸው፤ ዛሬ ለመግዛት የሚወጣ ሰው ሌላ ዋጋ ቢጠየቅ አይገርመኝም።

በግዢው ቀን መኪናውን ያየሁት ብዙዎቻችን እንደምናየው ነበር። ስቱኮ ካለው ብዬ ላሜራውን በጥፍሬ ኳ ኳ አደረግሁ፣ ጎማውን በእግሬ ገፋሁ፣ ሊብሬውን ከታርጋው ጋር አስተያየሁ፣ ከዚያም ኮረኮንች መንገድ ላይ ነዳሁት። ኮረኮንቹ ላይ የፊት እግሩ ቋ ቋ ይል ነበር። በዚያ ድምፅ ላይ አንድ ሰዓት ያህል ተከራክሬ 35,000 ብር አስቀነስኩና ትልቅ ድል ያገኘሁ መሰለኝ። ሞተሩ ግን በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሣ፤ ጭስ አላወጣም፣ ድምፁም ለስላሳ ነበር። ዛሬ ሳስበው ሁለት ነገር ሊያጠራጥረኝ ይገባ ነበር። ሞተሩ ታጥቦ ስለነበረ ዘይት ከየት እንደሚያዥ ማወቅ አይቻልም ነበር፤ ደግሞም እኔ ከመድረሴ በፊት ተነሥቶ ሞቆ ነበር። የደከመ ኢንጀክተር፣ ማለትም ናፍታውን ወደ ሲሊንደሩ የሚረጨው ዕቃ፣ ጉዱን የሚያወጣው ጠዋት በብርድ ሲነሣ ነው። አሁን ከወዳጅ ጋር መኪና ለማየት ስሄድ ከሰላምታ ቀጥሎ የማደርገው ነገር እጄን ኮፈኑ ላይ ማሳረፍ ነው፤ ሞቆ ካገኘሁት በሌላ ቀን ማለዳ እንድንመጣ እጠይቃለሁ።

የፊት እግሩን ለማሠራት ከአርባ ዓመት በላይ በናፍታ ሞተር ላይ የቆዩ አንድ መካኒክ ዘንድ ወሰድኩት። የታችኞቹ ቦል ጆይንቶች፣ ቦኮላዎቹና የመሪ ዘንግ ጫፎች 19,600 ብር፣ የእጅ ዋጋ 4,500፣ የጎማ አቅጣጫ ማስተካከያ 1,200፣ በድምሩ 25,300 ብር ሆነ። ካስቀነስኩት ላይ ወደ አሥር ሺህ የሚጠጋ ብር ተረፈኝ ብዬ ልሄድ ስል ሰውየው ሞተሩን እንዳላጠፋ በእጃቸው ምልክት ሰጡኝ። የዘይት መሙያውን ክዳን ፈተው መዳፋቸውን ከአፉ ላይ አደረጉና ትንሽ ቆዩ።

«ልጄ፣ ይኼ ነገር ይተነፍሳል» አሉኝ።

«ዘይቱን እኮ ከገዛሁት በኋላ ቀይሬዋለሁ፣ ጋሼ።»

«ዘይቱን አላልኩህም። ኮፓው ይውረድና ወንፊቱን እንየው።»

በዚህ ሞተር ላይ ከሥር ያለው የዘይት መያዣ (ኮፓው) ሁለት ክፍል ስለሆነ የታችኛውን የቆርቆሮ ክፍል ብቻ ማውረድ ይቻላል፤ ሥራው ከግማሽ ቀን አይበልጥም። ሲወርድ የዘይት ፓምፑ የሚስብበት ወንፊት ከግማሽ በላይ በጥቁር ቅሪት ተደፍኖ ነበር። ሰውየው በጣታቸው ፋቅ አድርገው አሳዩኝ፤ ደረቅ የቡና አተላ ይመስላል፣ ሲነኩት ይፈረፈራል፣ ጣት መሐል ሲታሽ ይሻክራል። ቅሪቱ ከየት እንደመጣ ያስረዱኝ ያን ጊዜ ነው። እያንዳንዱ ኢንጀክተር ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ውስጥ የሚቀመጠው በአንዲት ቀጭን የመዳብ ሮንዴላ ላይ ሲሆን፣ የእሷ ሥራ በሲሊንደሩ ውስጥ የሚቃጠለው ጋዝ ወደ ላይ እንዳያመልጥ መዝጋት ነው። ሮንዴላዋ ስታረጅ፣ ወይም ኢንጀክተሩ ወጥቶ ሲመለስ አሮጌዋ ዳግመኛ ስትገጠም፣ ትኩሱ ጋዝ ሾልኮ ወደ ዘይቱ ይገባል፤ ዘይቱን እያቃጠለ ከሰል ያደርገዋል፤ ከሰሉ ወርዶ ወንፊቱን ይደፍናል። ከዚያ በኋላ በቂ ዘይት የማይደርሰው በመጀመሪያ ተርቦው፣ ቀጥሎ ብሮንዚኑ (የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርበት ቅርፊት) ነው። የዘይት ግፊት ማስጠንቀቂያ መብራት የሚበራው ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ሊሆን ይችላል።

ሰባት ሊትር ያህል ዘይት፣ ፊልትሮ፣ ሲሊኮንና የእጅ ዋጋ ተደምሮ 10,000 ብር ከፈልኩ። በደብተሯ ውስጥ ካሉት መስመሮች ሁሉ ቅንጣት ያልቆጨኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም በዚያው ሳምንት ያገለገለ ሙሉ ሞተር ስንት እንደሚሸጥ ጠይቄ የተነገረኝ ዋጋ አሁን ከደረስኩበት ጠቅላላ ድምር በእጥፍ ይበልጥ ነበር። ሻጭ የሚፈቅድ ከሆነ ከግዢ በፊት ኮፓውን ማስወረድ፣ ባይፈቅድም ከግዢ በኋላ በመጀመሪያው ሳምንት ማስወረድ ተገቢ ነው እላለሁ።

ሮንዴላዎቹን ለመቀየር ኢንጀክተሮቹ መውጣት ስለነበረባቸው በዚያው አጋጣሚ ተመረመሩ። መኪናው ከኮምፒውተር ጋር ሲገናኝ ሞተሩ ያለ ነዳጅ መርገጫ እየሠራ እያለ ለእያንዳንዱ ኢንጀክተር ምን ያህል ማስተካከያ እንደሚደረግለት የሚያሳይ ቁጥር ይነበባል፤ ቁጥሩ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ኢንጀክተሩ ጤነኛ ነው። የእኔ ሁለቱ ደህና ሲሆኑ ሁለቱ ርቀው ሄደው ነበር። ይህን ማዘግየት ለኪስ የሚበጅ ይመስላል እንጂ አይበጅም፤ ከልክ በላይ የሚረጭ ወይም የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር በጊዜ ብዛት ፒስተን ሊያቃጥልና ሊሰነጥቅ ይችላል፣ በተለይ በ1ኬዲው ላይ ይህ ብዙ ጊዜ ታይቷል። ሁለት አዲስ ኦሪጅናል ኢንጀክተሮች እያንዳንዳቸው በ36,000 ብር ገዛሁ። አራቱም ሮንዴላዎችና ሌሎች ማገጃዎች 3,200፣ መግጠሚያና በኢንጀክተሩ ራስ ላይ የተጻፈውን ኮድ ወደ ኮምፒውተሩ ማስገቢያ 7,800 ተጨምሮ 83,000 ብር ሆነ። ኮዱን ሳያስገቡ ገጥመው የሚያስረክቡ አሉ፤ ሞተሩ ይነሣል፣ ይነዳልም፣ ነገር ግን ልኩን ሳያገኝ ስለሚሠራ የተከፈለው ገንዘብ ግማሹ ይባክናል። በ14,000 ብር ታድሶ የተሸጠ ኢንጀክተር ገጥሞ በአራት ወሩ የተመለሰ የቅርብ ዘመድ ስላለኝ ያን መንገድ አልመረጥኩም፤ ዘመዴ በመጨረሻ ሁለቱንም ዋጋ ከፍሏል።

ለዚህ ሁሉ መነሻው ብዙ ጊዜ ናፍታው ነው። ከ1,000 ባር በላይ ግፊት የሚያስተናግድ መሣሪያ ትንሽ ውሃና ትንሽ አቧራ አይችልም። የናፍታ ፊልትሮው ከሥሩ ውሃ ማፍሰሻ ብሎን አለው፤ የእኔን ስከፍተው መጀመሪያ የወረደው ውሃ ነበር፣ ናፍታው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የነዳጅ ታንከሩን አስወርዶ ማሳጠብና ፊልትሮ መቀየር 4,700 ብር ፈጀ። ከዚያ ወዲህ በጀሪካን የሚሸጥ ናፍታ አልገዛም፤ ሰልፉ ቢረዝም እቆማለሁ።

ከናፍታ ሳልወጣ አንድ ታሪክ ልጨምር። በየካቲት ወር መኪናው ቆሞ ሳለ የሞተሩ ድምፅ ከፍ ዝቅ ማለት፣ ዳገት ላይም በድንገት ጉልበት ማጣት ጀመረ። ያሳየሁት ጋራዥ «የናፍታ ፖምፓው ሞቷል» ብሎ 120,000 ብር ጠየቀኝ። ለመክፈል ተቃርቤ ሳለ ወደ ሽማግሌው መካኒክ ተመለስኩ። እርሳቸው ወደ ፖምፓው የሚገባውን ናፍታ የሚመጥነውን፣ በሁለት ብሎን ብቻ የታሰረውን ትንሽ ቫልቭ ፈቱና አሳዩኝ። ቫልቩ ለብቻው ይሸጣል። ከነመግጠሚያው 13,000 ብር ከፈልኩ፤ ፖምፓው ያው የድሮው ነው፣ እስከ ዛሬ እየሠራ ነው።

የፒስተኖቹንና የቫልቮላዎቹን እንቅስቃሴ ወደሚያጣጥመው ቀበቶ፣ ወደ ታይሚንግ ቤልቱ ልለፍ። በኬዲ ሞተሮች ላይ ቤልቱ በ150,000 ኪሎ ሜትር እንዲቀየር ይመከራል፤ ጊዜው ሲደርስም በዳሽቦርዱ ላይ መብራት ይበራል። ሻጩ መብራቱ አለመብራቱን እያሳየ «ተቀይሯል» ብሎኝ ነበር። ያላወቅሁት ነገር ግን መብራቱን ለማጥፋት ቤልቱን መቀየር አስፈላጊ አለመሆኑ ነው፤ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ቁልፍ በመጫንና በመልቀቅ ብቻ ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል። ሽፋኑ ሲከፈት ቤልቱ ጠርዙ የተበላ፣ ጥርሶቹ ሥር የተሰነጣጠቀ ነበር። ይህ ቤልት በጉዞ ላይ ቢበጠስ ፒስተኖቹ ቫልቮላዎቹን ስለሚመቱ ጉዳዩ ቤልት መቀየር መሆኑ ቀርቶ ቴስታታ ማውረድ ይሆናል። ቤልቱ 6,800፣ ማጠንከሪያውና ተሽከርካሪው ኩሽኔታ 12,700፣ የእጅ 3,500፣ በድምሩ 23,000 ብር። ቤልቱን ብቻ ቀይሮ አሮጌውን ኩሽኔታ መተው ለእኔ ቁጠባ አይደለም፤ ኩሽኔታው ሲነክስ አዲሱንም ቤልት ይዞ ይሄዳል።

ከሁሉ ያስፈራኝ ግን የማቀዝቀዣው ነገር ነው። እኔና ወንድሜ ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ጭነን ወደ አዲስ አበባ እናመጣለን። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር አካባቢ ነው፣ ከደብረ ሲና በላይ ያለው የጣርማ በር ዋሻ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሁለቱን የሚለያያቸው 50 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው። በሚያዝያ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ደብረ ሲናን አልፈን በሁለተኛ ማርሽ ስንወጣ፣ የሙቀት መርፌው ከመሐል ተነሥቶ ወደ ላይ መሄድ ጀመረ። በዚህ መኪና ላይ መርፌው ሙቀቱ በመጠኑ ሲለዋወጥ መሐል ላይ ተረጋግቶ እንዲቆም ስለተደረገ፣ መንቀሳቀስ ሲጀምር ነገሩ ገፍቷል ማለት ነው። ከመንገዱ ወጣ ብዬ ቆምኩ። ወንድሜ የራዲያተሩን ክዳን ሊከፍት በጨርቅ ሲጠጋ ጮኼ አስቆምኩት፤ አርባ ደቂቃ ጠብቀን ስንከፍተው እንኳ ይንተከተክ ነበር።

በዚያ ከፍታ ላይ ውሃ ክፍት ድስት ውስጥ ቢጣድ በ90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ሞተሩ ውስጥ ያለው ውሃ ከዚያ በላይ ሞቆ ሳይፈላ የሚቆየው የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን ይዞ ስለሚያቆየው ብቻ ነው። የእኔ ክዳን ጎማው ደርቆ ግፊት አይይዝም ነበር። ራዲያተሩም ውስጡ በደለልና በዝገት ተይዟል፤ ለዓመታት ተራ የቧንቧ ውሃ ሲሞላበት የኖረ መሆኑ ቀለሙ ይመሰክራል። የድሮዎቹ የመዳብ ራዲያተሮች ተፈተው ይጠረጉ፣ ይበየዱም ነበር፤ የዚህኛው የላይና የታች ገንዳው ፕላስቲክ ስለሆነ ያ ዘዴ አይሠራለትም፣ መለወጥ ነው። ራዲያተር 23,500፣ ሞተሩ ሲሞቅ ፋኑን አጥብቆ ማዞር ያቆመው ማያያዣ 9,000፣ ቴርሞስታት፣ ክዳን፣ ጎማ ቱቦዎችና ኩላንት 4,500፣ የእጅ 3,000፣ በድምሩ 40,000 ብር። የሞተሩ ቴስታታ አልሙኒየም ስለሆነ እንደዚያ ባለው ሙቀት ሌላ አምስት ኪሎ ሜትር ብገፋ ኖሮ ይጣመም ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ወጪ ጓርኒሲዮን (የቴስታታው ማሸጊያ)፣ ቶርኖ ቤትና የሳምንታት ጥበቃ ነው።

የቀረው በአጭሩ ይነገራል። ፍሪሲዮኑ በነሐሴ አለቀ፤ አስቀድሞ ምልክት ሰጥቶኛል ማለት አልችልም፣ አንድ ቀን በጭነት ዳገት ላይ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው አልሄድ አለ። ሙሉ ፍሪሲዮን 27,000፣ ቮላኖውን (ፍሪሲዮኑ የሚያርፍበትን ክብ ብረት) ቶርኖ ማስመታት 2,000፣ ካምቢዮ ማውረጃና መመለሻ 6,000፣ በድምሩ 35,000 ብር ነው። የኋላ ግራ ጎማ ያጉረመርም ስለነበር ሲከፈት ኩሽኔታው ተበልቶ፣ ከዲፈረንሻሉ የወጣው ዘይትም የፍሬኑን ሸራ አርሶት ተገኘ፤ ኩሽኔታ፣ የዘይት ማገጃ ጎማና የሁለቱም ጎን ሸራ 9,000 ብር ነው። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና በዘይት በራሰ ፍሬን ስወርድ መክረሜን ሳስብ እስካሁን ይዘገንነኛል። ሻንሲው ደህና ነው፤ ነገር ግን ከልኩ በላይ እንዲጭን ተደራቢ ባሌስትራ የተጨመረበት ፒካፕ የሚያይ ሰው ከጋቢናውና ከካሶኒው መሐል ባለው ክፍተት ጎንበስ ብሎ ሻንሲው የተበየደ ወይም የጎበጠ መሆኑን ይመልከት። ክፍተቱ ከላይ ሰፍቶ ከታች ከጠበበ መኪናውን መተው ነው፤ ያ ጉድለት በደብተር የሚያልቅ አይደለም።

መለዋወጫ የምገዛው በአብዛኛው ከመርካቶ ሶማሌ ተራ ነው። አንዱ ዕቃ በኦሪጅናልና በቻይና ስም በሁለትና በሦስት እጥፍ የሚለያይ ዋጋ ይጠራበታል፤ ኦሪጅናል ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ ደግሞ ኦሪጅናል አይደለም። አንድ ጊዜ በኦሪጅናል ካርቶን የገዛሁትን የዘይት ፊልትሮ ሽማግሌው በመጋዝ ከፍለው ከእውነተኛው ጎን አስቀመጡልኝ፤ በውስጡ ያለው የወረቀት እጥፋት ከእውነተኛው ግማሽ አይሞላም ነበር። ከዚያ በኋላ የራሴን ሕግ አወጣሁ። ለቦኮላ፣ ለመስታወት፣ ለፍሬቻና ለመሰል ነገሮች ርካሹን እገዛለሁ፤ ቢበላሽ መንገድ ላይ አያስቀረኝም። ዘይት፣ ናፍታና ውሃ የሚነካውን ማንኛውንም ዕቃ፣ ታይሚንግ ቤልቱንም ጭምር፣ ገንዘብ እስካገኝ እጠብቃለሁ እንጂ ርካሹን አልገጥምም።

«5ኤሉን ብትገዛ ይሻልህ ነበር» የሚሉኝ ብዙዎች ናቸው። ከፊል እውነት አላቸው። እሱ ኮምፒውተር የሚፈልግ ኢንጀክተር የለውም፤ ፖምፒስታ (የናፍታ ፖምፓ ጠጋኝ) ባለበት ከተማ ሁሉ ይስተካከላል፣ ናፍታም አያማርጥም። ይሁንና ተርቦ ስለሌለው ከፍታ ላይ አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱ አብሮ ይወርዳል፤ እኔ ደግሞ ኑሮዬ ጣርማ በር ላይ ሽንኩርት ይዞ መውጣት ነው። አንድ ቶን ሊሞላ ጥቂት በቀረው ጭነት ያንን ዳገት በ5ኤል የወጣ ጓደኛዬ ቁርሱን ሸዋ ሮቢት በልቶ ምሳውን ደብረ ብርሃን የሚበላው አመሻሽ ላይ ነው።

ባለፈው ሳምንት ኮፓውን በራሴ ጥያቄ ዳግመኛ አስወረድኩት። ወንፊቱ ንጹሕ ነበር። በደብተሯ ላይ «ሲሊኮንና የእጅ፣ ምንም አልተገኘም» ብዬ ከጻፍኩ በኋላ ዋጋውን ልጨምር ስል ሽማግሌው «ለማየት ብቻ ለከፈትነው አልቀበልህም» አሉኝ፤ ሲሊኮኑንም ከራሳቸው ነበር ያደረጉት። መስመሩ ላይ ዜሮ አለ።